ጉባኤው ወደ ከተማ የወረደበት ክረምት

የደብረ ታቦር ከተማ ልጆችን እጠላቸው ነበር። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ጣልያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን ከኮረብታው ላይ ባለው የአቋቋም ጉባኤ ቤት ተማሪ ነበርሁ። ጢሜ አቀምቅሟል፣ ዳዊት ከደገምሁ ቆይቻለሁ፣ ጾመ ድጓ በቃሌ ነው፤ እንዲያም ሆኖ እንጀራዬ የሚገኘው ከከተማው ደጃፍ ነበር። አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ደበሎዬን ደርቤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ስወርድ የንባብ ቤቱ ልጆች ካጥር ሥር አድፍጠው ይጠብቁኛል። ክረምት ገብቶ ለቡሄ ጅራፍ መግመድ ከጀመሩ ደግሞ ጉድ ነው። ልክ ከበሩ ስደርስ ከኋላዬ ያጮኹታል። ጩኸቱን ሰምቶ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣል፣ የበግ ቆዳ የለበሰ ሰው ያያል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያሻም። እኔ በዱላ ስመክት እነሱ አጥር ይዘው ይንከተከታሉ።

ሁለቱ ቤቶች፣ የኛና የነሱ፣ ከጥንትም አይዋደዱም ነበር። የኛ የላይኛው ቤት ነው። ንባቡንና ዳዊቱን የጨረሰ ሰው ከጉና ማዶ፣ ከይፋግ፣ ከየትም በእግሩ መጥቶ መቋሚያውን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከዜማው ጋር አስማምቶ በማሕሌት መቆም የሚማርበት ነው። የነሱ ቤት ከገበያው አጠገብ፣ በአጥር ከተከበበ አንድ ወይራ ሥር፣ የከተማ ልጆች ሀሁ የሚቆጥሩበት ነው። እኛ እነሱን «ጫጩቶች» እንላቸዋለን፤ እነሱ እኛን «ለማኞች» ይሉናል። ከኛ ቤት ወጥቶ ንባብ ላስተምር ብሎ ከተማ የወረደ ተማሪ ካለ ስሙ አይነሣም። ዜማ ሊሰሙ ኮረብታውን የወጡ ልጆችን ደግሞ በመቋሚያ እያሳደድን እንመልሳቸው ነበር፤ ከአሳዳጆቹም ዋናው እኔ ነበርሁ። ታዲያ ውሻ ቢቀሰቅሱብኝ ምን ይገርማል?

የንባብ ቤቱን ወንበር የያዙት አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ልጆቹን ያስተምሩ የነበሩት ባለቤታቸው ቄሱ ናቸው። እሳቸው ሲያርፉ ልጆቹ ሜዳ ቀሩ፤ እማሆይም ከላይኛው ቤት አንድ ሰው እንድንሰጣቸው ቢለምኑ አልሰጠናቸውም። ስለዚህ ቆባቸውን ደፍተው፣ የባላቸውን አለንጋ ይዘው ራሳቸው ከወይራው ሥር ተቀመጡ። አጭር ሴት ናቸው፣ ምላሳቸው ግን ረጅም ነው። ቁራሽ ስለምን ከልክለውኝ አያውቁም፤ ከቁራሹ ጋር ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ጣል ያደርጉልኛል። «እንካ ብላ። ምናልባት ሰው የምታስተምርበት ጉልበት ታገኝ እንደሆነ» ይሉኛል። እኔም እንጀራውን ከነስድቡ ጠቅልዬ ወደ ኮረብታው እወጣለሁ።

በዚያ ክረምት የኔታ ታመሙ። የኔታ የምላቸው የጉባኤ ቤቱን መምህር ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ ደረታቸውን ይዞት ከጎጇቸው ደጃፍ አልፈው መራመድ አቃታቸው። ከትልልቆቹ ተማሪዎች ገሚሱ ወደየአገሩ ተመልሷል፣ ገሚሱ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል፤ የቀረነው ጀማሪዎቹና እኔ ብቻ ነን። አንድ ቀን አስጠሩኝና ከመደቡ ጫፍ አስቀመጡኝ።

«የደብረ ታቦር በዓል ዕለት ማሕሌቱን አንተ ትመራለህ፤ ከበሮውንም አንተ ትመታለህ» አሉኝ። «እኔ ከዚሁ ሆኜ እሰማሃለሁ። ድምፅህ እዚህ አይደርስም፣ ከበሮው ግን ይደርሳል። ካማረልህ እመርቅሃለሁ፣ ወንበሩን ትይዛለህ። ካላማረልህ ግን…» ብለው ሳል ያዛቸው።

የቀረውን እኔው በልቤ ጨረስሁት። ካላማረልኝ እሳቸው ሲያርፉ ቤቱ ይዘጋል፤ ጀማሪዎቹም ይበተናሉ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ደስታው በለጠብኝ። ወንበር! እኔ፣ የጉና ገብስ አብቃይ ልጅ! ተነሥቼ ልሮጥ ስል በደበሎዬ ያዙኝ።

«አንድ ነገር አለብህ። መሻገሪያው ላይ ትቸኩላለህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሕሌቱ በዝግታ ይጀመራል። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ይወዛወዛሉ፣ ከበሮውም ቀስ እያለ ይከተላቸዋል። ቆይቶ ወደ ጽፋቱ፣ ማለት ወደ ጭብጨባው ሲሻገር ምቱ ይፈጥናል። ከዝግታው ወደ ፍጥነቱ በሚታለፍበት ቦታ አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች። የኔታ ያቺን ዝምታ ነው ትዘላለህ የሚሉኝ። ስንት ጊዜ እንደ ነገሩኝ እኔም እሳቸውም አናውቀውም።

«ኧረ አልቸኩልም፣ የኔታ» አልሁ።

«ይኸው፣ ለመመለስም ቸኮልህ።»

ብዙም ሳይቆይ የጣልያኑ ቱርጁማን፣ የሹማምንቱን ቃል ወደኛ የሚያደርሰው ሰው፣ እያለከለከ ኮረብታውን ወጣ። ከእንግዲህ እዚህ ላይ ከበሮ መምታት ተከልክሏል አለን። ጉና ጫካ ላሉት አርበኞች ምልክት ትሰጣላችሁ ተብለናል። ምልክት መስጠት ብናውቅ ኖሮ በሰጠን ነበር! እኛ የምናውቀው ማሕሌት ብቻ ነው። «መምታት ካለባችሁ ከተማ ወርዳችሁ፣ ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምቱ» ብሎን ወረደ። ከጣልያኑ ምሽግ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቦ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የእማሆይ ወይራ።

የኔታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ጉባኤ አይወርድም። ሰው ነው ወደ ጉባኤ የሚወጣው» አሉ።  እሳቸው ግን በዓሉ እየቀረበ መሆኑንና ከበሮ ያልነካ እጅ ከበሮ እንደማይመታ ከኛ የበለጠ ያውቁታል። ከቆዩ በኋላ እንደገና ወደኛ ዞሩ። «ከበሮው ይውረድ። ጉባኤው እዚሁ ይቆያል» አሉኝ። ከበሮውን አንግቼ ወረድሁ።

እማሆይ ልጆቹን ሰብስበው ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ከበሮውን ከሩቅ ሲያዩ አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ዛሬ ደግሞ በከበሮ ነው የምትለምነው?»

«ቦታ ፈልጌ ነው፣ እማሆይ። አንቱ ከፈቀዱልኝ።»

«እናንተ ልጆቼን በዱላ ስትመልሱ ቦታው ጠቦ ነበር። ዛሬ ሰፋ?»

 ልጆቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ሣቃቸውን ውጠው ያዩኛል። ፊቴ ጋለ። ከነከበሮዬ ልመለስ ዞር ስል «ቁም እንጂ፣ ወዴት ትሸሻለህ?» አሉኝ።

እማሆይ የራሳቸው ጭንቀት ነበራቸው። ጣልያን ከገበያው ማዶ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ትምህርት ቤት ከፍቷል። እዚያ ለሚሄድ ልጅ የሸራ ጫማና ጋሌጣ የሚሉት ደረቅ ብስኩት ይታደላል። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በጣልያንኛ ይቆጥራሉ፣ ደወል ሲደወል ይወጣሉ። ከእማሆይ ልጆች ገሚሱ ወደዚያ አልፏል። ከጋሌጣና ከዳዊት አንዱን ምረጥ የተባለ ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። እሳቸውም ከበሮ ከወይራው ሥር ቢመታ ምን እንደሚመጣ ከእኔ ቀድሞ ገብቷቸዋል።

«ከበሮህን ምታ» አሉኝ። «ስትጨርስ ግን ውልቅ ብለህ አትሄድም። ከልጆቼ ጋር ተቀምጠህ ታስነብብልኛለህ።»

«እኔ ንባብ አላስተምርም።»

«እንግዲያውስ ምሽጉ ውስጥ ገብተህ ምታው።»

ምን አማራጭ አለኝ? እሺ አልሁ። ኮረብታው ላይ ያሉት ጀማሪዎች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ እያሰብሁ የከበሮውን ጠፍር አጠበቅሁ።

የመጀመሪያው ቀን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ከበሮውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በዝግታ ጀመርሁ። ገና ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ከገበያው ማዶ ጫጫታ ሰማሁ። የቆርቆሮው ቤት በር ተበርግዶ ልጆቹ ጎርፈው ይመጣሉ! ጫማ የተሰጣቸው ጭቃውን በሸራ ጫማቸው እየረገጡ፣ ያልደረሳቸው በባዶ እግራቸው፣ የነጋዴዎቹ ልጆችም ሳይቀሩ፣ ሁሉም ወደ ወይራው። ከኋላቸው መነጽር ያደረገ ቀጭን ወታደር፣ አስተማሪያቸው፣ እጁን እያወናጨፈ ይሮጣል። ከእማሆይ ፊት ደርሶ በቋንቋው ጮኸ። እማሆይም በቋንቋቸው ጮኹ። አንዱ የሌላውን አንድ ቃል አልሰማም፤ በጠቡ ግን በደንብ ተግባብተው ነበር። በመጨረሻ ወታደሩ ወደ ደወሉ እየጠቆመ፣ እማሆይም ወደ ከበሮው እየጠቆሙ ታረቁ። እሱ ደወሉን ደውሎ ልጆቹን ሲለቅ ነው እኔ የምጀምረው። ከዚያ ቀን በኋላ ደወሉ ከመደወሉ በፊት አንድም ጊዜ ከበሮ አልነካሁም፣ እሱም አንድም ጊዜ ደወሉን አላዘገየም።

እንዲህ ሆኖ የሦስት ቤት ልጆች አንድ ወይራ ሥር ተሰበሰቡ። ከኮረብታው ከበሮውን ተከትለው የወረዱት ጀማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ ከቆርቆሮው ቤት ጫማ ያላቸው፣ ከእማሆይ ደግሞ የቀሩት። መጀመሪያ ጀማሪዎቻችን ከከተማ ልጆች ጋር አንቀመጥም ብለው በአንድ ወገን ቆሙ። የከተማ ልጆች ደግሞ ቁንጫ አለባቸው ብለው በሌላ ወገን። እኔ መሐል ሆኜ በሁለቱም ላይ እጮሃለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ የባሕር ዛፍ እንጨት ቆርጠው መቋሚያ አድርገው ከጀማሪዎቹ ጋር ይወዛወዙ ጀመር። ይገርማችኋል፣ ያምርባቸዋል! እኔ ከወራት ልፋት በኋላ ያገኘሁትን ትከሻ እነሱ እንደ ጨዋታ ያዙት። ጀማሪዎቻችንም ከልጆቹ ጋሌጣ መቀበል ለመዱ፤ በምላሹ ፊደል የጠፋውን ያስነብባሉ። ውሾቹ እንኳ ደበሎ ማየት ሰልችቷቸው መነሣት ተዉ።

እኔም ንባብ ማስተማሩን እወደው ጀመር። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም። ማታ ማታ የኔታን ለማየት ስወጣ «ከበሮው እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው» እላለሁ። ስለ ልጆቹ አይጠይቁኝም፣ እኔም አልነግራቸውም።

ሐምሌ አልቆ ቡሄ ሲቃረብ ጅራፎቹ ወጡ። ስለ ጅራፉ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት፣ ወታደሮቹ ከተማውን በያዙ በመጀመሪያው ክረምት፣ ልጆቹ ሜዳ ወጥተው ጅራፋቸውን በአንድነት ሲያጮኹት የምሽጉ ሰው ሁሉ ተኩስ መስሎት ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ነበር። ገበያተኛው ይህን አይቶ ከሣቁ የተነሣ ሸክሙን ጣለ። ሹማምንቱ ከዚያ በኋላ ስለ ጅራፍ ክፉም ደግም መናገር አፈሩ፤ እንከልክል ቢሉ ያንን ቀን ማስታወስ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ በከተማው ያልተከለከለ ጩኸት ቢኖር የቡሄ ጅራፍ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እኔ ከወይራው ሥር ከበሮ ስመታ ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ሜዳው ላይ ጅራፋቸውን ያጮኻሉ። ጋ! ጋ! ይላል። ምቴን ሊያበላሹብኝ ነው፣ የድሮው ተንኮላቸው ተመለሰባቸው ብዬ ደሜ ፈላ። ከበሮውን አስቀምጬ መቋሚያዬን አንሥቼ ወጣሁ። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያዙ።

«ከመምታትህ በፊት ስማ» አሉኝ።

«ምኑን ልስማ? ጫጫታ ነው!»

«ስማ ብያለሁ።»

ቆሜ ሰማሁ። ጫጫታ አልነበረም። ከበሮው ባይኖርም ልጆቹ ምቴን ይዘውታል። ዝግታው የራሴ ዝግታ ነው፣ አንዱም ጅራፍ ከሌላው አይቀድምም። ደስ አለኝ፣ ፀጉሬ ሁሉ ቆመ። እጄ ሳላውቀው መቋሚያውን ዝቅ አድርጎ ከነሱ ጋር መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ ወደ መሻገሪያው ደረሱ፤ ሁሉም ባንድ ላይ፣ እንደ ተነጋገረ ሰው፣ ያቺን ዝምታ ዘለሏት።

«ይቸኩላሉ» አልሁ ለእማሆይ።

«ማን አስተማራቸው?» አሉኝ።

እንደገና አስደገምኋቸው። እንደገና በዚያው ቦታ ቸኮሉ። ሌላ ቦታ ላይ አንድም አይስቱም፤ እዚያ ስንደርስ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይዘላሉ። ለካ የኔታ እውነታቸውን ነው! ራሴን በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እነዚያ ጅራፎች አሰሙኝ። አገሬው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» ይላል፤ የዚያን ቀኑ ጅራፍ ግን የገረፈው እኔን ነበር። ከአጥሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሣቅሁ። ልጆቹም ነገሩ ሳይገባቸው ሣቁ። እማሆይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለውኝ ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እነሱን ሳስተካክል ራሴን አስተካከልሁ። ዝግ በሉ ማለት እንደማይሠራ ከራሴ አውቃለሁ፤ የኔታ ለዓመታት ብለውኛል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። «መሻገሪያው ላይ ስትደርሱ ጅራፉን ወደ ላይ አንሡና ምራቃችሁን ዋጡ። ከዋጣችሁ በኋላ አጩሁ» አልኋቸው። መጀመሪያ አንዱ ይውጣል፣ ሌላው ይረሳል፣ ሦስተኛው ይታነቃል። ሣቅ በሣቅ ሆንን። የቆርቆሮው ቤት አስተማሪ ሳይቀር ከደጃፉ ቆሞ ሲያየን ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ሁሉም ጅራፍ አየር ላይ ይቆማል፣ ሜዳው ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ባንድ ላይ ይወርዳል። ከበሮው ላይ እኔም እውጣለሁ። ያቺ ዝምታ እንዲህ የምትጣፍጥ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ለየኔታ ልነግራቸው ቸኮልሁ፤ ነገር ግን አፌን ያዝሁ። በበዓሉ ዕለት ራሳቸው ይስሙት ብዬ ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ከወደ ገሳይ መንገድ ላይ የጣልያን መኪና ተመትቶ እንደ ቆመ ተወራ። ከቀትር በፊት ወታደሮች መጥተው ከወይራው ሥር ከበሮውን አነሡት። ቱርጁማኑ «ከዛሬ ጀምሮ ቀንም ሆነ ማታ ከበሮ የለም። ማሕሌታችሁንም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ትቆማላችሁ» አለ። ከበሮውን አንዱ ወታደር እንደ ዱባ በብብቱ ይዞት ሲሄድ ዓይኔ እያየ ነው። ልከተላቸው ስነሣ እማሆይ ደበሎዬን ጨምድደው ያዙኝ።

«ከበሮውን ታመጣለህ ወይስ ጥይት?»

«የኔታ የሚሰሙት ከበሮውን ነው፣ እማሆይ። ድምፅ እዚያ አይደርስም። ካልሰሙ አይመርቁኝም፣ ካልመረቁኝ ቤቱ ያልቅለታል።»

 እሳቸው ግን ደበሎዬን አልለቀቁም።

በበዓሉ ማለዳ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጉና ከጭጋጉ ወጥቶ ይታያል። የከተማው ሰው ነጭ ለብሶ ከኮረብታው ግርጌ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሞልቶታል። ከአጎራባች አድባራት፣ ከይፋግም ሳይቀር፣ ሊቃውንቱ መጥተው በቅጽሩ ውስጥ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ተሰለፉ። ጸናጽል ይዤ ከመሐላቸው ቆምሁ፤ ከበሮው መቆም ያለበት ቦታ ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያለ ከበሮ እንዴት ይሆናል፣ ልጄ?» አሉኝ። እኔም አላወቅሁትም። ቀና ብዬ በስተላይ ያለውን የኔታን ጎጆ አየሁ፤ ደጃፉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። አስወጥተው አስቀምጠዋቸዋል፤ ሊሰሙኝ እየጠበቁ ነው።

ጀመርሁ። ሊቃውንቱ ተቀበሉኝ፣ መቋሚያው ተወዛወዘ። ድምፃችን ያምር ነበር፤ ነገር ግን ከቅጽሩ ቢወጣ ከዛፎቹ አያልፍም። እየዘመርሁ እንባዬ መጣብኝ።

ያን ጊዜ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከሜዳው፣ አንድ ጅራፍ ጮኸ። ጋ! የቡሄ ልጅ ነው ብዬ ቁብ አልሰጠሁትም። ሁለተኛው ከተል አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ልክ በምቱ ላይ ወረዱ። እኔ አዝዣቸው ቢሆን ዛሬ እንዴት በኮራሁ! አላዘዝኋቸውም። ዜማውን ከግንቡ ማዶ ሰምተው፣ ከወይራው ሥር እንደ ለመዱት፣ ምቱን ያዙት። ሊቃውንቱ ተያዩ። ሽማግሌው መሪጌታ ፊታቸው ፈካ፣ እግራቸውም ምቱን ያዘ። ከግንቡ በላይ ጅራፎቹ ሲነሡና ሲወርዱ ይታዩኛል፤ ከማዶው ደበሎ የለበሰው ከሸራ ጫማ ለባሹ አጠገብ እንደ ቆመ አውቃለሁ። ምሽጉ ላይ ያሉት ወታደሮች ደግሞ ክንዳቸውን አጣምረው ያያሉ። የልጆች ጨዋታ ነው፤ ማን ደፍሮ ጉድጓድ ይገባል?

ደስታ ማለት ያ ነው። ጸናጽሉ በእጄ፣ ሰው ሁሉ በእልልታ፣ ተራራው ጩኸቱን እየመለሰ። ግን መሻገሪያው እየቀረበ ነው። እኔ ከግንቡ ውስጥ ነኝ፣ እነሱ ከውጭ ናቸው፤ አያዩኝም፣ አላያቸውም ማለት ይቻላል። ቢቸኩሉ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። ቢቸኩሉም በእኔ ነው።

ደረስን። ምራቄን ዋጥሁ። ጅራፎቹ ሁሉ ወደ ላይ ተነሥተው አየር ላይ ቆሙ። ከተማው ጸጥ አለ፤ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ባንድ ላይ ወረዱ፤ ሊቃውንቱም እጃቸውን አጨበጨቡ፣ ወደ ጽፋቱ ተሻገርን። አልቸኮልንም። አንዳችንም አልቸኮልንም።

ማሕሌቱ እንዳለቀ ለማንም ሳልናገር ጸናጽሉን እንደ ያዝሁ ኮረብታውን ሮጥሁ። የኔታ ከደጃፋቸው በጋቢ ተጠቅልለው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። እግራቸውን ስሜ ተነሣሁ። ትንፋሼ አልመለስ ብሏል።

«ከበሮው ተወስዷል ብለውኝ ነበር» አሉኝ።

«ተወስዷል፣ የኔታ።»

«የሰማሁት ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጅራፍ ነው። የከተማው ልጆች ናቸው። የእማሆይም፣ የቆርቆሮው ቤትም፣ የኛም።»

ዓይናቸውን ወደ ሜዳው ጣሉ። እኔም ለዓመታት ያባረርናቸው ልጆች ናቸውና ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«መሻገሪያው ላይ ያቆማቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። ቀጥዬም እውነቱን ነገርኋቸው፤ «እኔንም እነሱ ናቸው ያቆሙኝ።»

የኔታ ሣቁ፤ ሣቁም ወደ ሳል ተለወጠ፤ ደረታቸውን ይዤ ደገፍኋቸው። ሳሉ ሲያልፍላቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ምርቃቱን አልደግመውም፤ የኔ ነው። ሲጨርሱ ከጉልበታቸው ላይ መቋሚያቸውን አንሥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከእሳቸው በቀር ማንም ነክቶት የማያውቀውን መቋሚያ።

እኔም እንደ ደንቡ ከጎጆው ውስጥ ገብቼ ከወንበራቸው አጠገብ ላቆመው ተራመድሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ወደ ጉባኤው፣ የኔታ።»

ጣታቸውን ወደ ከተማው፣ ወደ ወይራው ዘረጉ። ልጆቹ አሁንም ሜዳው ላይ ያጮኹታል።

«ይዘኸው ውረድ» አሉኝ። «ጉባኤው ያለው እታች ነው።»